አክስቴ ናቸው

ኮሌታ የሚለውን ስም ያወጡላት የፋብሪካ ጓደኞቿ ናቸው። የሸሚዝ አንገት እንደሷ አድርጎ የሚገለብጥ ሰው አልነበረም። ሌላው ሁለቱን ጫፍ እኩል ለማድረግ ሲሰፋ ሲፈታ ይውላል፤ እሷ በአውራ ጣቷ ገፋ አድርጋ አንዴ ትገለብጠውና ጫፉ ሾሎ ቁጭ ይላል። ወላጆቿ ያወጡላትን ስም የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን አንድ ቀን አስተካክሎ ጽፎት አያውቅም።

አርባን አልፋለች፤ አግብታ አታውቅም። ለምን ሲሏት «ማን ጠይቆኝ?» ብላ ታስቃቸዋለች እንጂ ጠያቂስ አልጠፋም ነበር። «ልጄን ይዤ ነው የምገባው» ስትል ነው ጠያቂው ሁሉ ድንገት አስቸኳይ ጉዳይ የሚገጥመው።

ልጅቷ ጩጬ ናት። ጩጬ የተባለችው በሦስት ወሯ፣ በፎጣ ተጠቅልላ ወደዚያች አንድ ክፍል ቤት የገባች ዕለት ነው። አሁን አሥራ ሰባት ሊሞላት ነው፤ ቁመቷም ኮሌታን ጥሏት ሄዷል፤ ስሙን ግን የሚያሳድግላት ሰው አልተገኘም። የወለደቻት የኮሌታ ታላቅ እህት ናት። ከወሊድ በኋላ ታማ ሳትነሳ ቀረች። አባትየው ለቀብር መጥቶ ታየ፤ ከዚያ ወዲያ የበላው ጅብ አልጮኸም።

ይህን ሁሉ ጩጬ ታውቀዋለች፤ ተደብቆባት አያውቅም። የሟቿ ፎቶ ከመስታወቱ አጠገብ ተሰቅሏል፤ እሷን «እናቴ» ትላታለች። ኮሌታን ደግሞ «እማ» ትላታለች። አንዷ የግድግዳ፣ አንዷ የምድር፤ ተጋጭተው አያውቁም።

አከራያቸው ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሲስተር ይላቸዋል። እሳቸው ገና ድሮ «ፍርድ ቤት ሄደሽ ልጄ ናት ብለሽ አስወስኚ፤ ነገ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም» ብለው መክረዋት ነበር። ኮሌታ ግን ነገሩ ስድብ ሆኖ ነው የታያት። «ልጄን ልጄ ናት ለማለት ዳኛ ፊት ልቁም? አይደለችም ያለኝ ማን አለ?» እውነትም ያላት አልነበረም። በዚህ ዓይነት ልጅቷ መሄድ ጀመረች፣ ጥርሷን ነቀለች፣ ትምህርት ቤት ገባች፤ ወረቀቱ ሳይወጣ ቀረ።

ፋብሪካው የሚከፍለው በቁራጭ ነው። የሰፋ ያገኛል፣ ያልሰፋ አያገኝም፤ ትኩሳት ይዞት የተኛ ትኩሳቱ የራሱ ነው። በዚያ ላይ የኮሌታ ዓይን ደከም እያለ መጥቷል። ክር በተበጠሰ ቁጥር አጠገቧ ላለችው ልጅ «እስኪ አንቺ ወጣቷ ሰኪልኝ፣ እኔ ኩራት ይዞኛል» ትላታለች። ልጅቷ እየሳቀች ትሰካላታለች። ቀልዱ እስከ መቼ እንደሚያዋጣት ግን ኮሌታ ማታ ማታ ታስበው ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን፣ ውጭ አገር ያለ የደንብ ልብስ ፋብሪካ ኮሌታ ሰፊዎች ይፈልጋል የሚል ወሬ መጣ። «በስሜ ጠሩኝ» ብላ ተፈተነች። አለፈች። ሥራው የወር ደመወዝ ያለው ነው፤ ሰው ታሞ ቢተኛ እንኳ ይከፈለዋል። ይህን ስትሰማ ኮሌታ አላመነችም፣ ሁለት ጊዜ አስደገመቻቸው። ከሁሉ በላይ ልቧን የነካው ግን ሌላ ነበር፤ ዓመት የሠራ ቤተሰቡን ማምጣት ይችላል ተብሏል። አንድ ዓመት ብቻዋን፣ ከዚያ ጩጬን። ሐሳቧ ይኸው ነበር፤ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም።

ጉዳይ አስፈጻሚው ሁለት ስልክ የያዘ፣ በአንዱ እያወራ በሌላው የሚቆጣ ሰው ነው። የቪዛ ማመልከቻዋን ሲሞላ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ፦

«ወልደሻል?» አላት።

«አልወለድኩም» አለችው። እውነቷን ነው።

እሱም «ልጅ፦ የላትም» ብሎ መታውና ወደሚቀጥለው አለፈ።

የቃለ መጠይቁ ዕለት ከወፍራም መስታወት ፊት አቆሟት። ከመስታወቱ ወዲያ ጉንፋን የያዘው፣ በየመሀሉ አፍንጫውን የሚጠርግ ሰውዬ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ወጣት አስተርጓሚ አለች። ስንት ዓመት ሰፋሽ፣ ምን ምን ሰፋሽ፣ የሸሚዝ አንገት ሲሰፋ ቀድሞ የሚገባው የትኛው ነው፤ ኮሌታ ሁሉንም መለሰች። ፍርሃቷ ለቀቃት፤ እንዲያውም ጨዋታው ጣማት። ስለ ሥራዋ ይህን ያህል የጠየቃት ሰው በዕድሜዋ አልነበረም።

«ልጅ አለዎት?» አለቻት አስተርጓሚዋ።

«አለችኝ» አለች ኮሌታ፣ ፊቷ እየበራ። «አንድ ሴት ልጅ። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ነው እኮ።»

አስተርጓሚዋ ፈገግ ብላ ተረጎመች። ሰውየው መጻፉን አቆመ። ወደ ኮምፒውተሩ አየ፣ ወደ ኮሌታ አየ፣ መሀረቡን አስቀመጠ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላል ያገሩ ሰው፤ ኮሌታ አፋፉ ላይ መቆሟን ያወቀችው ያኔ ነው።

«ማመልከቻው ላይ ልጅ የለኝም ብለዋል» አለች አስተርጓሚዋ።

«እኔ? መቼ ብዬ? ወልደሻል ወይ ሲለኝ አልወለድኩም አልኩ እንጂ ልጅ የለኝም መቼ ወጣኝ?»

አስተርጓሚዋ ገባት። ፊቷ ላይ ያስታውቃል፤ ያልወለደች እናት ምን ማለት እንደሆነ ለእሷ ማስረዳት አያስፈልግም። ግን የምትተረጉመው ለሰውየው ነው። ረዘም አድርጋ አወራችው፣ በእጇም በአፏም። ሰውየው ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰማትና አጭር ነገር መለሰ። ኮሌታ ሌላ ቀን ተቀጥራ ተመለሰች።

«ምን ነካሽ?» አለ ጉዳይ አስፈጻሚው። ያን ቀን ሁለቱንም ስልክ አስቀምጦ ነው የተቆጣት። «በይ ስሚ፤ ሁለት መንገድ ነው ያለሽ። ልጄ ናት ካልሽ የልደት ወረቀቷን ያንቺ ስም ያለበትን ታመጫለሽ፤ አባቷም ትሂድ ብሎ ይፈርማል። አለሽ?»

«የላት…»

«የእህቴ ልጅ ናት ካልሽ ደግሞ ልጅቷን ይዘሽ ትቀርቢያለሽ። አንቺም የለኝም ትያለሽ፣ እሷም አክስቴ ናት ትላለች፣ አለቀ።»

«ነገ ላመጣት ብፈልግስ?»

«እሱ ያኔ ሌላ ወረቀት ነው። አንዴ ግቢ እንጂ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እህቴ። ወረቀቱ የላትም ብሏል፤ ከወረቀት ጋር አትከራከሪ፣ አንቺም የለኝም በይ።»

ቤት ስትደርስ ጩጬ የትምህርት ቤት ልብሷን እየተኮሰች ነበር። ኮሌታ ነገሩን ከየት እንደምትጀምረው ጠፋት፤ ስለ ጉንፋናሙ ሰውዬ አወራች፣ ስለ መስታወቱ አወራች፣ ዞራ ዞራ ደረሰችበት። ጩጬ ካውያውን አቁማ አዳመጠችና ትከሻዋን ሰበቀች።

«ታዲያ ምን አለበት? አክስቴ አይደለሽ እንዴ?»

«ነኝ።»

«እንግዲያማ ውሸት አይደለማ» ብላ መተኮሷን ቀጠለች።

ኮሌታ እፎይ አለች። ልጅቷ እንደ ቀላል ነገር ወሰደችው ብላ እፎይ ማለቷን በኋላ ስታስታውሰው ታፍርበት ነበር።

ልምምዱን ያደረጉት በሲስተር መሪነት ነው። ሲስተር መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው በረንዳ ላይ ወንበር አወጡ፤ እናትና ልጅ ደግሞ ከውስጥ፣ በተዘጋው መስኮት በኩል ቆሙ። ሲስተር ጉንፋኑን ሳይቀር ጨመሩበት።

«ይቺ ሴትዮ ምንሽ ናት?» አሉ በመስታወቱ ውስጥ፣ አፍንጫቸውን እየጠረጉ።

«እማዬ» አለች ጩጬ፣ ሦስቱም በሳቅ ፈረሱ።

«እንደገና። ይቺ ሴትዮ ምንሽ ናት?»

«እማ… አይ! አክስቴ፤ አክስቴ ናት።»

እንደገና ሳቁ። በሦስተኛው ጩጬ ሳትደናቀፍ አለችው። በአራተኛውም አለችው። በአምስተኛው የሚስቅ ሰው አልነበረም።

«ይኸው ሆነ» አሉ ሲስተር ወንበራቸውን እያነሱ። ድምፃቸው ግን ደስ ያለው ሰው ድምፅ አልነበረም።

በቀጠሮው ቀን ያው ሰውዬ ነው የጠበቃቸው፤ ጉንፋኑ ለቆታል። አስተርጓሚዋም ያቺው ናት። ጩጬ የተኮሰችውን ሸሚዝ ለብሳለች፤ አንገቱን የሰፋችው ኮሌታ ናት። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። መጀመሪያ የተጠየቀችው ኮሌታ ነበረች።

«ልጅ አለዎት?»

ኮሌታ ወደ ጎን አላየችም። ማየት አያስፈልግም ነበር፤ የጩጬ ፊት ከፊት ለፊቷ፣ መስታወቱ ላይ፣ ከሰውየው ትከሻ አጠገብ ይታያታል። ያን ፊት እያየች ነው የመለሰችው።

«የለኝም።»

ቃሉ አልተንቀጠቀጠም። በደንብ ወጣ። ኮሌታን ያስደነገጣት ይኸው ነው።

አስተርጓሚዋ ወደ ጩጬ ዞረች። «እሳቸው ላንቺ ምንሽ ናቸው?»

ጩጬ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

«አክስቴ ናቸው።»

ሰውየው የሰማው አክስት የሚለውን ብቻ ነው። ጻፈው። «ናቸው» የሚለው ግን ከመስታወቱ አላለፈም፤ በእሱ ቋንቋ የሚያልፍበት ቀዳዳ አልነበረውም። እዚህ ወዲህ፣ በሁለቱ መካከል ቀረ። በረንዳው ላይ ሲለማመዱ «ናት» ነበር የተባለው። ጩጬ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ኮሌታን «አንቺ» ካላለች «አንቺ እኮ» ነው ያለቻት፤ ተቆጥታም፣ አኩርፋም፣ በር ዘግታም ቢሆን።

አስተርጓሚዋ «ናቸው» ብላ ስለጠየቀቻት ይሆን? ልጅ የተጠየቀችውን ይዛ ነው የምትመልሰው፤ አፏ ተከትሎ ሊሆን ይችላል። ኮሌታ ይህን ለራሷ ነገረችው። ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ ነገረችው።

አውቶቡስ ውስጥ ጩጬ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች።

«ጥሩ አልኩ?» አለች ወደ ውጭ እያየች።

«ጥሩ ነው ያልሽው።»

«እርስዎም ጥሩ ነው ያሉት።»

ኮሌታ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ብቻዋን መሳቋን ያወቀችው አውቶቡሱ ቆሞ ሰው ሲወርድ ነው።

ቤትም ገብተው አልቀረም። «እራት እርስዎ ያቀርባሉ ወይስ እኔ ላቅርብልዎት?» አለች ጩጬ። «ተይው እንግዲህ» ስትላት «ምላሴ እንዳይሳሳት ነው፤ ደግመው ቢጠሩንስ?» አለች። ሳምንታት አለፉ፤ ማንም አልጠራቸውም፤ ቪዛው መጣ። ፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈውን ሲስተር በመነጽራቸውም ያለ መነጽራቸውም አዩት፣ አገላብጠው ሳሙት። ኮሌታ ጩጬን ጥግ ይዛ «አሁንማ አለቀ፤ እማ በይኝ» አለቻት፤ በልመና ነው ያለችው።

«ለመድኩት መሰለኝ» አለች ጩጬ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ባለጌ ብትሆን ይሻል ነበር። ብትሳደብ፣ ሳህን ብትወረውር፣ «ካድሽኝ» ብላ ብትጮህ ኮሌታም ጮኻ፣ አልቅሳ፣ አቅፋ ትጨርሰው ነበር። ልጅቷ ግን አከበረቻት። ውሃ ታቀርብላታለች፣ ሻንጣዋን ታዘጋጅላታለች፣ ስትገባ ብድግ ትላለች። ሰው «ለምን አከበርሽኝ» ብሎ እንዴት ይቆጣል? በዚያች አንድ አልጋ አንድ መጋረጃ ባላት ክፍል ውስጥ ኮሌታ እንግዳ ሆና ሰነበተች።

አየር ማረፊያው በር ላይ ልትናገረው ያሰበችው ነገር ነበራት። ሌሊቱን ስታሰናዳው ነው ያደረችው። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ከአፏ የወጣው «በሩን ከውስጥ መቆለፍ እንዳትረሺ» የሚል ነው።

«አልረሳም። በደህና ይግቡ» አለች ጩጬ። ተቃቀፉ። ጩጬ ጠበቅ አድርጋ ነው ያቀፈቻት፤ ኮሌታ ያን መጥበቅ በአውሮፕላኑ ውስጥ፣ ከዚያም ወዲያ እያወጣች ስታየው ኖረች።

አዲሱ ፋብሪካ ንጹሕ ነው። መብራቱ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከመርፌው ሥርም ይበራል፤ ክር ለማስገባት ማንንም መለመን የለም። ሥራው ያው ነው፤ አንገት ነው። የማን አንገት እንደሚገባበት አታውቅም፤ የጥበቃ ይሁን፣ የሾፌር ይሁን። እዚህ ኮሌታ የሚላት የለም። ፓስፖርቱ ላይ ባለው ስም ነው የሚጠሯት፤ ሲጠሯት ወዲያው ዞር ማለት እስክትለምድ ወራት ፈጀባት። አንዳንዴ አለቃዋ ሦስት ጊዜ ጠርቷት «ይቺ ሴትዮ ጆሮዋን ያማታል እንዴ?» ይል ነበር።

የምታድርበትን ክፍል የምትጋራት ሴት የማታ ተረኛ ናት። ኮሌታ ስትገባ እሷ ወጥታለች፣ እሷ ስትገባ ኮሌታ ወጥታለች። መኖሯን የምታውቀው በውሃ ማፍያው ሙቀት፣ በእርጥብ ፎጣዋ፣ ትራስ ላይ በቀረ ረጅም ጸጉር ነው። አንድ ቀን ኮሌታ ጠረጴዛው ላይ ብርቱካን ተወችላት። በማግሥቱ በቦታው ፖም አገኘች። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ይለዋወጡ ጀመር፤ በዚያ አገር የነበራት ወዳጅነት ይኸው ነበር። ፊቷን አታውቀውም።

በክረምቱ መሀል ታመመች። ሐኪሙ ሦስት ቀን ተኚ አላት፤ ተኛች። ተከፍሏት ተኛች። የተመኘችው ነገር ይኸው ነበር፤ ትኩሳትሽ የራስሽ ነው የማይባልበት አገር። ጣሪያውን እያየች ደመወዟን እያገኘች ዋለች። ግንባሯ ላይ እጁን የሚያሳርፍ ሰው ስላልነበረ የራሷን እጅ አሳረፈች። የገዛ እጅ ግን አያታልልም፤ እሱም ያው ይግላል። ብቸኝነት ማለት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው በደንብ የገባት፤ አለቀሰችም።

በዕረፍት ቀኗ ለጩጬ ትደውላለች። «ደህና ነዎት? ብርዱ እንዴት አደረገዎት? እኛ በጣም ደህና ነን፤ ሲስተር ሰላም ይሉዎታል።» ሁሉም ነገር ይነገራታል፤ ፈተናው፣ የጣሪያው ማፍሰስ፣ የሲስተር ጉልበት። ምንም አይቀርባትም። ስልኩን ስትዘጋው ግን ዜና ያዳመጠች ነው የሚመስላት። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላት ዕለት ኮሌታ ደውላ በስልክ ዘፈነችላት፤ ክፍሉ ባዶ ስለነበር ጮክ ብላ ነው የዘፈነችው። «ይባረኩ» አለች ጩጬ፣ ከሲስተር እንደተማረችው።

ዓመቱ ሞላ። ኮሌታ ለጩጬ «ነገ ቢሮ ገብቼ እጠይቃለሁ፤ አንቺን ለማምጣት» አለቻት። ጩጬ «እንደፈቀዱ» አለች። ከቃሉ በፊት ግን ትንፋሿ ፈጠን ሲል ኮሌታ ሰምታዋለች። ያሳደገች ጆሮ ይህን አይስትም።

የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዋ ቅን ሴት ናት። ወንበር ሳበችላት። ኮሌታም እስከዚያ ድረስ የአገሩን ቋንቋ ለጉዳይ የሚበቃ ያህል ይዛለች።

«ማምጣት የሚቻለው ባል ወይም ልጅ ነው» አለች ኃላፊዋ። «ልጅ አለሽ?»

ያው ጥያቄ ነው። መስታወት የለውም፣ አስተርጓሚ የለውም። ኮሌታ ጊዜ ወሰደች፤ ቃሉን በእነሱ ቋንቋ አስተካክላ አነሳችው።

«አለችኝ። አንድ ሴት ልጅ።»

ሴትየዋ ደስ ብሏት ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። አነበበች። ደስታው ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ሄደ። ከዚያም ኮሌታ ራሷ እንድታይ ብላ ኮምፒውተሩን አዞረችላት፤ ክፋት አልነበረባትም። ልጅ የለኝም ብላለች፤ ማመልከቻው ላይ አንዴ፣ በአፏ አንዴ። ልጅቷም በአካል ቀርባ አክስቴ ናት ብላለች። ኮሌታ መሥመሩን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ናት» ይላል፤ ለነሱ ሁሉም «ናት» ነው። እሷን ዓመት ሙሉ የበላት ቃል ወረቀቱ ላይ የለም፤ በሩን የዘጋባት ደግሞ ሌላው ነው፣ ቅር ሳይላት ያለፈችው «አክስቴ»።

«ያሳደግኳት እኔ ነኝ» አለች። «ከሦስት ወሯ። አሁን ፍርድ ቤት ባስወስንስ? ልጄ ናት ብዬ?»

«ይቻላል እኮ» አለች ሴትየዋ ቀና ብላ። «አሥራ ስምንት ሳይሞላት ከሆነ ይቻላል። ዕድሜዋ ስንት ነው?»

ኮሌታ በስልክ የዘፈነችው ዘፈን ትዝ አላት።

«ባለፈው ወር ሞላት።»

ሴትየዋ እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳች። በጣም አዝናለሁ አለች፤ ማዘኗም እውነት ነበር። ኮሌታ አመስግናት ወጣች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ያላት ሰውዬ ትዝ አላት፤ ወረቀቱስ ወረቀት ነው፣ ሞኙ ማን እንደነበረ አሁን ገባት። ፍርድ ቤቱ ከሰፈራቸው በእግር የሚደረስ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ በደጁ አልፋለች፣ ልጅቷንም አዝላ፣ ኋላም እጇን ይዛ።

በምሳ ዕረፍት ደረጃው ሥር ወረደች፤ እዚያ የስፌት መኪናው ድምፅ አይበረታም። ስልኩ ገና ሳይጠራ ተነሳ።

«ምን አሉዎት?»

«ልጅ አለሽ ወይ አሉኝ።»

ከበስተኋላ የሲስተር ሬዲዮ ይሰማል።

«እና?»

«አለችኝ አልኩ።»

ሬዲዮው ተዘጋ። ማን እንደዘጋው አይታወቅም።

«ከዚያ ወረቀቱን አዩት» አለች ኮሌታ። «የለኝም ብለሻል አሉኝ። ብያለሁ። አይሆንም አሉ። ዕድሜሽም አለፈ አሉ፤ እኔ ነኝ ያሳለፍኩት።» ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዞረች። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በይኝ። ያን ቀን ግን እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም። ቪዛውም ቢቀር መቅረት ነበረበት።»

ኮሌታ ስልኩ የተቋረጠ መስሏት ከጆሮዋ አንስታ አየችው።

«እኔም እኮ ብያለሁ» አለች ጩጬ በመጨረሻ። «አክስቴ ያልኩት ለሰውየው ነው፣ ቪዛውን እንዳይከለክልሽ። ናቸው ያልኩት ግን ላንቺ ነው። የለኝም ስትይ ሰምቼሽ።»

ኮሌታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። አንቺ መባሏን እንዳይሸሽባት ሳትንቀሳቀስ ያዘችው።

«አውቄዋለሁ» አለች።

«አሁን ግን አለችኝ ብለሻል።»

«ብያለሁ።»

«በነሱ ቋንቋ?»

«በነሱ ቋንቋ።»

«ምንድን ነው የሚባለው?»

ኮሌታ ነገረቻት። ጩጬ ደገመችው፤ ተሳሳተች። ኮሌታ አረመቻት፤ እንደገና ሞከረች፣ አሁንም ተሳሳተች። በረንዳው ላይ እንደሳቁት ሁለቱም ትንሽ ሳቁ፤ ቶሎም አቆሙ። ቃሉ ለምንም እንደማይጠቅማቸው ሁለቱም ያውቁታል።

ከላይ ደወሉ ተደወለ።

«ደወል ነው እንዴ?» አለች ጩጬ። «ሂጂ፣ እማ። እንዳይቆጡሽ።»

ኮሌታ ወጣች። የማታ ተረኛዋ ሴት ያስቀመጠችላት ፖም ኪሷ ውስጥ ነበር፤ ምሳ ሳትበላ መዋሏ ያኔ ትዝ አላት። መኪናዋ አጠገብ የአንገቶቹ ክምር ይጠብቃታል። የመጀመሪያውን አንስታ ገለበጠችው፣ ጫፉ ጎበጠባት። ፈታችውና እንደገና ሰፋችው።